ለጠለፋ ኮት የላከችው እቴ ሐዋ

እቴ ሐዋ የሞተች ለት አባቴ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። የመጣው ሰው ሁሉ "እንዲህ ያለ አንጀተ ቡቡ የባል ወንድም የት ይገኛል!" አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ምንም አላልኩም። ድሮም የምታወቀው ምንም ባለማለት ነው።

ሬሳዋ እስኪወጣ ስትወደስ ዋለች። በሕይወቷ ሳለች ውሸታም ሲሏት የኖሩት "ቃሏ አንድ ነበር" አሉ። "ምላሷ እሬት ነው" የምትል ጎረቤቷ "ከአፏ ማር ይንጠባጠብ ነበር" አለች። ጎርፍ ጠለፋው ሥራ ላይ ስትመጣ "ይቺ ሴትዮ ደግሞ መጣች" እያሉ ፊታቸውን የሚያዞሩ ወንዶች ቃሬዛዋን ለመሸከም ተጋፉ። ሰው ሲሞት እንዲህ እንደሚወደድ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ረጅም ዕድሜ የሚለምን አይገኝም ነበር። እቴ ሐዋ ይህን ግፊያ ብታይ የምትለውን አውቃለሁ። "ቀስ ብላችሁ ያዙኝ፤ ቆሜ ሳለሁ መጣል ያቃታችሁን ተኝቼ እንዳትጥሉኝ።"

የሟች አጎቴ ሚስት ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ አንገቷን ቀድማ የምትሄድ፤ ከሩቅ ስትታይ ከሰው ጋር ልትጣላ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ልትጣላ ነው የምትሄደው። ግን ሰው አታቋርጥም። የሚናገረውን እስኪጨርስ ዝም ብላ ትሰማና "ጨረስክ?" ትለዋለች። ሰውየው "አዎ" ካለ አለቀለት። ከሳዑዲ ተመልሶ በየመንገዱ የሚንጎራደደውን ጎረምሳ አንድ ቀን እንዲህ ሰምታው ስታበቃ "ጨረስክ? አንተ ይዘህ የመጣኸው መነጽርና ኩራት ነው። መነጽሩ ሲሰበር በምን ልትኮራ ነው?" አለችው። ልጁ ከዚያ ወዲህ በእሷ ደጅ ሲያልፍ መነጽሩን ያወልቅ ነበር።

ሰፈራችን ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲኬድ ከአስፋልቱ ወደ ታች ነው። በበጋ ባጃጅ ይገባል። በክረምት ግን ባለ ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ያወርዳችሁና "አብሽሩ፣ ቅርብ ነው" ብሏችሁ ይሄዳል፤ ቅርብ የሆነው ለእሱ ነው። ዝናቡም እንደ ባጃጁ ነው፤ እኛ ዘንድ ድረስ አይመጣም። ተራራው ላይ ይዘንብና ለእኛ ጎርፉ ብቻ ይደርሰናል። ደረቁ ወንዝ ድንገት ደፍርሶ ሲመጣ በአሸዋ፣ በድንጋይና በእሾህ ቅርንጫፍ በተሠራ ክትር እየመለስን ወደ ማሽላችን እናስገባዋለን። ይህ ነው ጠለፋ የሚባለው።

ክትሩ በየዓመቱ በጎርፍ ይወሰዳል፤ በየዓመቱም ክረምት ሳይገባ ይሠራል። መሬት ያለው ቤት ሁሉ አንድ ወንድ ያወጣል። ወንድ ያላወጣ ቤት ውሃ አይደርሰውም። ሴቶችም አይቀሩም፤ ለሠራተኛው እህልና ውሃ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ድንጋይም ያቀብላሉ። እሱ ግን ሥራ አይባልም። ለምን እንደማይባል የጠየቁ ሴቶች ነበሩ አሉ፤ የሰማ ወንድ ነው የጠፋው።

ከጠለፋው አፍ ቀጥሎ ያለው፣ ከሁሉ በፊት የሚጠጣው መሬት የእቴ ሐዋ አንድ ልጅ የሰይድ ነበር። አያቴ አጎቴ ሲሞትበት አዘነና ያንን መሬት ለሰይድ ሰጠ። የመሬቱ ደብተርም በሰይድ ስም ወጣ። አባቴ ለዚህ ምንም አልተከፋም። እንዲያውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የወንድሙን ልጅ ከመጠን በላይ ይወደው ጀመር። "ወንድ ልጅ ዓለም ማየት አለበት" ይለዋል፤ እሱ ራሱ ከወልድያ አልፎ አያውቅም። "እኔ አንተን ብሆን እዚህ አንድ ቀን አላድርም" ይለዋል። ሰይድ በአፋር በረሃ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊሄድ በቆረጠ ጊዜ አባቴ ለስንቁ ፍየል ሸጠለት። አባቴ ለሌላ ሰው ብሎ ፍየል ሲሸጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰባተኛ ክፍል ያለው ከአስፋልቱ ማዶ ስለሆነ አባቴ "ሩቅ ነው" አለ። ለሰይድ ሳዑዲ አልራቀም።

በሰፈራችን ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ሄዶ የቀረ ሰው መሬት ወደ አባት ወገን ይመለሳል፤ የሞተም ሰው እንደዚያው። ሴት የልጇን መሬት የምትበላው ልጁ እስካለ ድረስ ነው። የመንግሥት ሕግ ምን እንደሚል የጠየቀ የለም። ሕጉ ያለው ቆቦ ነው፤ አባቴ ያለው ደግሞ አጥሩ ጥግ ነው። ስለዚህ ሰይድ ቀረ ወይም ሞተ የተባለ ቀን እቴ ሐዋ ከጎጆዋ በቀር ምንም አይኖራትም። ሥራዋ ልጇን በየቀኑ ማምጣት ሆነ። "ሰይድ ለረመዳን ይመጣል።" ረመዳን ሲያልፍ "ለአረፋ ነው ያለኝ።" አረፋ ሲያልፍ "አሠሪው ያዘው እንጂ ጓዙን ጠቅልሏል።" ሰዉ ይስቃል። አባቴ ግን አይስቅም፤ ቀኑን ይቆጥራል።

እንዲህ ስትል ውሸት አልነበረም። ሰይድ በእርግጥም ይደውል ነበር። ስልኩን የማነሳላት እኔ ነኝ። እሷ ቁልፉን አታውቅም፣ ብታውቅም "ይህን ዕቃ መንካት አልወድም፤ ሰው ሳይታይ የሚያወራ ሰይጣን ነው" ትላለች። እኔን "የኔ ዲዳ" ነበር የምትለኝ። "የኔ ዲዳ፣ ነይ ሰይጣኑን አናግሪልኝ።" ድምፁን ከፍ አድርጌ መካከላችን አስቀምጠዋለሁ። ሰይድ "እማ፣ ደህና ነሽ?" ሲላት "እኔ ደህና ነኝ፣ አንተን እንጃ። ምን በላህ?" ትለዋለች። ሩዝ መብላቱን ሲነግራት ትቆጣለች። "ሩዝ የበላ ሰው መሬት ያርሳል? ቶሎ ና፣ ጉልበትህ ሳያልቅ።"

ከጊዜ በኋላ ሰይድ መደወል ተወ። ጠፍቶ ቆየ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ለዘር የተሰቀለውን የማሽላ ዘለላ አውርደን እየፈለፈልን ሳለን ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የሰይድ አልነበረም። አነሳሁና እንደ ልማዴ ድምፁን ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ወሎዬ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

"የሰይድ እናት ቤት ነው?"

"አዎ" አልኩ።

"እህቴ፣ አብሽሩ። ሰይድ ወንድማችን ነበር። ታሞ ነበር፤ አላህ ወሰደው። እዚሁ ቀበርነው።"

እቴ ሐዋ እጇ አልቆመም። ዘለላውን እያሸች፣ ፍሬው ሰፌዱ ላይ እየረገፈ፣ ቀና ሳትል "ተሳስተዋል በይው" አለችኝ።

"ተሳስተዋል" አልኩት።

"የሐዋ ልጅ ሰይድ እኮ ነው፣ ከቆቦ በታች ያሉት..."

"ሐዋ ብዙ ናት በይው። ሰይድም ብዙ ነው።"

አልኩት። ሰውየው "አላህ ያጽናችሁ" ብሎ ዘጋ። ለተሳሳተ ቁጥር እንዲህ አይባልም።

ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳበች። ሁለት ዓይነት ማሽላ ነበር የምንፈለፍለው፤ ደጋሊትና ጅጉርቲ። እኔ ተደናግጬ ደባልቄዋለሁ። "ለዪው" አለችኝ፤ መልቀም ጀመርን። ብዙ ቆይታ እንዲህ አለች።

"አንቺ ልጅ፣ ስምሽን ሲጠይቁሽ እንኳ መሬት መሬት ነው የምታዪው። አላህ ይህን ስልክ የሚያነሳ ሰው ሲፈልግ ከሰፈሩ ሁሉ አንቺን ለምን የመረጠ ይመስልሻል?"

ምንም አላልኩም። መልሱ እሱ ነበር።

ማታ አባቴ እራት ላይ "ሐዋ ዛሬ ምን ታወራለች?" አለኝ። ሁልጊዜ ነው የሚጠይቀኝ። "ደህና ናት" አልኩ። "ሰይድ ይመጣል አላለችም?" "ብላለች" አልኩ። ብላም ነበር፤ ስወጣ በአጥሩ ላይ ለምታልፍ ሴት "ሰይድ እኮ ደወለልኝ፣ መንገድ ላይ ነው" ስትል ሰምቻታለሁ።

ብዙም ሳይቆይ የጠለፋው ሥራ ደረሰ። በፊት በፊት ለእቴ ሐዋ የሚወጣላት መሬቷን በእኩል የሚያርስላት ሰው ነበር። የዚያን ዓመት ሰውየው ድንገት ታመመ። የታመመው ከአባቴ ጋር ቆቦ ገበያ ውለው በተመለሱ ማግስት ነው። በሽታው ምን እንደሆነ አልታወቀም፤ ለራሱ ማሳ ከመሥራት አላገደውም።

ጠዋት ወንዶቹ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ተሰብስበው ሳለ እኔና እናቴ ውሃ ይዘን ደረስን። ሥራውን የሚመራው አያ አደም ነው፤ የውሃ አባት ይሉታል። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ቀድሞ ይጠጣል የሚለው የእሱ ነው። እቴ ሐዋ አንገቷን ቀድማ መጣች። በአንድ እጇ አካፋ፣ በሌላው ደግሞ ሰይድ ለዒድ ቆቦ የገዛው ጥቁር ኮት። በእኛ አገር ፀሐይ ኮት የሚለብስ ሙሽራና እብድ ብቻ ነው። ግራሩ ላይ ሰቀለችው፤ እጅጌውን አስተካከለች።

"ሐዋ፣ ይኼ ምንድን ነው?" አላት አያ አደም።

"ሰይድ ነው።"

ወንዶቹ ሳቁ።

"ሰይድማ ሳዑዲ ነው።"

"እሱ ሳዑዲ ነው፤ ኮቱ እዚህ ነው። የእንድሪስ ልጅም እዚህ ነው፤ ከመጣ ጀምሮ ከዚያ ጥላ አልተነሳም። እስቲ ፍረድ አያ አደም፣ ከሁለቱ ማን የቆመ ነው?"

የእንድሪስ ልጅ ከተጋደመበት ተነሳ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኛ ወግ አለን። ኮት አካፋ አይዝም።"

"ጨረስክ ሙሄ?"

አባቴ ያውቃታል፤ "አልጨረስኩም" ማለት ነበረበት። "አዎ" አላት።

"አካፋውን እኔ እይዛለሁ። ኮቱ ወንድነቱን ያዋጣ፣ እኔ ጉልበቱን። ከዚህ ውስጥ የጎደለ ካለ ንገሩኝ።"

አያ አደም በኩታው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ አሰበ። ሴት ትቆጠር ቢል የአባቶቻችን ወግ ሊፈርስ ነው፤ ኮት ቢቆጠር ግን የሚፈርስ ወግ አላገኘም። "ሰይድ ወጥቷል" አለ። "ወደ ሥራ!"

ቀኑን ሙሉ አሸዋ ስትዝቅ ዋለች። አላዛጋችም፣ አልተቀመጠችም። የሚያልፍ ሁሉ "እቴ ሐዋ፣ ኮቱ ላበው" እያለ ይስቅባታል፤ እሷም "ላንተም ይላብልህ" ትለዋለች። ስትቆፍር ኮቱን ቀና ብላ አታየውም ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ይህን ያየሁት፤ ሌላው ለምን ያያል? ጎርፉ የመጣ ጊዜ የሰይድ መሬት ቀድሞ ጠጣ። ከዚያ በኋላም ኮቱ በየዓመቱ ወጣ፤ ሰዉም ለመደው። "ኮቱ መጣ፣ እንጀምር" እስከማለት ደረሱ።

ኮቱ መጀመሪያ በወጣበት ሰሞን እቴ ሐዋ አዲስ ጠባይ አመጣች። ለቅሶ መሄድ። በፊትም ትሄዳለች፤ ማን ይቀራል? አሁን ግን የማታውቀው ሰው ለቅሶ ጀመረች። እስላም ክርስቲያን አትልም። ሮቢት ሰው ሞተ ሲባል ሮቢት ናት። ጎብዬ ገበያ የወጣ ሰው ጡሩምባ ሰማሁ ካለ በማግስቱ ጎብዬ ናት። ባለ ባጃጁ "እማማ፣ ዛሬ ለቅሶው የት ነው?" ሲላት "አንተ ወደ ሮቢት ንዳ፤ ሲደርስ በጆሮዬ እለየዋለሁ" ትለዋለች። ሰፈራችን ደግሞ ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣም። "ለንፍሮው ነው" ተባለ። እናቴ ሳትቀር "ማሽላው እያላት ምን ሆና ነው ንፍሮ ለቃሚ የሆነችው?" አለች።

አንድ ቀን እኔንም ይዛኝ ጎብዬ ሄደች። ዳሱ ውስጥ እንደገባን መካከል ላይ ቆመች፤ ያቺ ለሰው ሁሉ መልስ የማታጣው ምላስ ሌላ ነገር አወጣች።

"ሚዜ ሳትጠራ፣ ጎጆ ሳትሠራ፣
ጥለኸኝ ሄድክ ልጄ ከማይመለስ ጋራ።"

ዳሱ በአንድ ጊዜ ተናወጠ። ደረቷን እየመታች፣ እየደጋገመች። የሟቹ ልጅ የሆነች አንዲት ጎልማሳ ሴት ቀስ ብላ ቀረበቻት።

"እማማ፣ የሞተው እኮ አባታችን ነው። የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ነው።"

እቴ ሐዋ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። "ይቅር በይኝ ልጄ። እኔ የማውቀው ለቅሶ ይኼ ብቻ ነው።"

ሴትየዋ አየቻት። ምን እንዳየች አላውቅም፤ አጠገቧ ቁጭ አለችና አብራት አለቀሰች። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እቴ ሐዋ እንደ ሁልጊዜው ነበረች። "ንፍሯቸው ጥሬ ነው" አለችኝ።

አባቴ ግን መጠበቅ ሰለቸው። "ልጁ ካለ በስልክ ያናግረኝ" ማለት ጀመረ። "ሥራ ላይ ነው" ትለዋለች። "ሌሊትም ሥራ ላይ ነው?" "አንተ ቀንም የለህበት፣ ሥራን በምን አወቅህ?" በመጨረሻ አባቴ ቆቦ መሬት ቢሮ አመለከተ። እሷም ተጠራች። የሚሰጡትን ወረቀት እንዳነብለት እኔንም ይዞኝ ወጣ፤ ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ለአንድ ነገር በቃች። ሦስታችን በአንድ ሚኒባስ፣ በአንድ ወንበር ላይ ሄድን። እኔ መካከል ነበርኩ። አንዳቸውም አላናገሩኝም፤ ሁለቱም ግን ተደግፈውኝ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ወጣት ሴት ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ናት፤ ንግግሯ ያስታውቃል። አባቴ ኩታውን አስተካክሎ ጀመረ።

"ልጁ ከሄደ ዘመን ሆኖታል። አይመጣም። ሞቷል ነው የምንለው፣ አላህ ይርሐመው። መሬቱ የአባቴ መሬት ነው፤ ወደ እኔ ይዙርልኝ።"

"ሚስት ወይም ልጅ ነበረው?"

"የለውም።"

"እናቱ በሕይወት አለች?"

አባቴ በአውራ ጣቱ አሳየ። "እቺው።"

"እንግዲያው አባቴ፣ ልጁ ሞቶ ከሆነ ወራሹ እናቱ ናት። እርስዎ ምን ፈልገው ነው የመጡት?"

አባቴ ዝም አለ። እንዲህ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም፤ ለካ ዝምታውን የወረስኩት ከእሱ ነው። ከዚያ ፊቱ በራ።

"ማን ሞተ አለ? ሰይድ በሕይወት አለ!"

"አሁን ሞቷል አላሉም?"

"አፍ ነው፣ ያዳልጣል። ወላሂ በሕይወት አለ! እንዲያውም ሊመጣ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ጠይቂ። ኮቱ ሳይቀር ለጠለፋ ይወጣል!"

"ምኑ?"

"ኮቱ።"

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ እቴ ሐዋ ዞረች። "እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ልጅዎ በሕይወት አለ?"

እቴ ሐዋ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ልጅቷን ነው የምታያት።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጇ የሞተ እናት መሬቱን አትነጠቅም?"

"አይነጠቁም እማማ። ከፍርድ ቤት ወራሽነትዎን አሳውጀው ይመጣሉ፣ ደብተሩ በስምዎ ይዞራል። ይነጠቃል ያለዎት ማን ነው?"

እቴ ሐዋ አባቴን አየችው። ከዚያ እኔን። ከዚያ ወለሉን።

"ማንም አላለኝም" አለች። "ሁላችንም እናውቀው ነበር።"

ዓመታት ሙሉ በሰው ዳስ እየዞረች፣ በራሷ ደጅ ዳስ ሳትጥል፣ ፊቷን ታጥባ "መንገድ ላይ ነው" ስትል የኖረችው ማንም ላላለው ነገር ነው። ሕጉ ቆቦ ተቀምጦ ነበር፤ ከእኛ አስፋልት በሚኒባስ አንድ ትንፋሽ ነው። ለለቅሶ ከዚያ የራቀ ስንት ጊዜ ሄዳለች።

ራሷን ቀና አደረገች። "ልጄ ሞቷል" አለች።

"ውሸቷን ነው!" አለ አባቴ ብድግ ብሎ። ስትዋሽ ኖራ እንዲህ ብሏት አያውቅም፤ እውነቱን የተናገረች ለት አላት።

"መሞቱን ያረጋገጠ ምስክር አለ?" አለች ልጅቷ።

እቴ ሐዋ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። አላዘዘችኝም፤ "ተናገሪ" አላለችኝም። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። አባቴ "ይቺ ምን ታውቃለች፣ ዲዳ ናት" አለ።

"ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሞቷል አሉኝ። ቀበርነው አሉኝ።"

ድምፄ ትንሽ ስለነበር ልጅቷ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት።

ስንመለስ አባቴ ሌላ ሚኒባስ ያዘ።

በማግስቱ በእቴ ሐዋ ደጅ ዳስ ተጣለ። አባቴ የሐዘኑ ባለቤት ሆኖ በሩ ላይ ቆመ፤ ሌላ ምን ያድርግ? የወንድሙ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሰፈሩ መጣ። ቀጥሎ ባጃጅ መጣ፤ ከኋላው ሌላ ባጃጅ። ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ስማቸውን ከማናውቃቸው ቦታዎች ሰው ወረደ። ለቅሶ ብድር ነው፤ ያለቀሰችላቸው ሁሉ ሊመልሱ መጡ። አባቴ የማያውቀውን ሕዝብ "ግቡ፣ ግቡ" እያለ እጁ ዛለ። የጎብዬዋ ጎልማሳ ሴትም ወንድሞቿን አስከትላ መጣች። ሰይድን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች ዳሱን አናወጡት።

እቴ ሐዋ ግን ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ሴቶቹ እስክትጀምር ጠበቁ። አልጀመረችም። በመጨረሻ ጎረቤቷ አላስቻላትም።

"ምነው ሐዋ? ለባዳው ሁሉ ደረትሽን ስትደቂ ኖረሽ ለገዛ ልጅሽ አንዲት እንባ ይጥፋ?"

"ጨረስሽ?" አለቻት እቴ ሐዋ።

"አዎ።"

"ያኔስ ለማን ሳለቅስ የኖርኩ መሰለሽ?"

ጎረቤቷ አፏን በእጇ ያዘች። ስለ ንፍሮው ከዚያ ወዲህ የተናገረ ሰው አልሰማሁም።

መሬቱ በስሟ ዞረ። ዳሱ ተነስቶ ብዙ ሳይቆይ አባቴ መጣ። ከአጥሩ ውጪ ቆሞ፣ በሽማግሌ ሳይሆን ብቻውን፣ "እንግዲህ ሐዋ፣ ያለፈው አለፈ" አላት። እሷም እስኪጨርስ ሰማችው።

"አንተ ሙሄ፣ ይህን መሬት የፈለግኸው ልታርሰው አይደል?"

"ነው።"

"እንግዲያው እረሰው። በእኩል። በሬ አለህ፣ እኔ የለኝም።"

አባቴ ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ጎርፉ ሊደርስ ነው፤ ከጠለፋው አፍ የሚቀድም መሬት ደግሞ የለም። አረሰው። እስክትሞት ድረስ አረሰላት፤ በየመከሩ ግማሹን በግመል ጭኖ ደጇ ላይ አራገፈ። እሷም እያንዳንዱን ዘለላ እያገላበጠች "አሳንሰሃል" ትለው ነበር። አሳንሶ አያውቅም፤ ደስ እንዲላት ነው።

ከመሞቷ በፊት ሽማግሌ ጠርታ ተናዘዘች። መሬቱን ለእኔ አደረገችው። ምክንያቷን ሲጠይቋት "ሁለት ጊዜ ተናግራለች፤ ይበቃታል" አለች አሉ።

አባቴ አሁንም ያርሳል። ግማሹን ለእኔ ያመጣል። ሲያራግፍ ቀና ብሎ አያየኝም፤ እኔም አባቴ ነውና አፍሬ ዝም እላለሁ። ዘለላውን ግን አገላብጣለሁ።